የለተ ማርያም ግራ ትከሻ

ፀዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አጥሩ ግማሽ ቆርቆሮ ግማሽ ግራር የሆነ ቤት አለ። እዚያ ቤት ወይዘሮ ለተ ማርያም ብቻዋን ትኖራለች። ዕድሜዋ ስድሳ ሦስት ነው። ባሏ መሪጌታ ሐብተ ማርያም የድጓ መምህር ነበር፤ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። መቋሚያው ዛሬም ከመደቡ በላይ በተመታች ምስማር ተንጠልጥሎ አለ። አንዲት ልጇ ሄለን ሐዋሳ ተድራ፣ እዚያው ወልዳ ትኖራለች።

ለተ ማርያም የምትተዳደረው ነጠላ በመቋጨት ነው። ሸማኔዎች ሠርተው የጨረሱትን ያመጡላታል፤ እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የተረፈውን ክር አራት አራት እየነጠለች፣ ጭኗ ላይ እያሸች፣ ሁለቱን ባንድ ላይ እያጋመደች ጫፉን ታሳምረዋለች። ሥራው ሰው አይፈልግም፤ ወሬም አይፈልግም። የሰው ነጠላ ስትቋጭ ትውላለች እንጂ፣ የራሷን ነጠላ እንደ ሰው መልበስ ከተወች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በቀኝ ትከሻዋ ብቻ ጣል አድርጋ፣ ግራውን በጠበቀ ቀሚስ ብቻ ትተወዋለች። የማያውቃት ሰው ሲያያት የምትቀናጣ ይመስለዋል።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ከግራ ትከሻዋ አጥንት ጀምሮ፣ በብብቷ ሥር ዞሮ፣ እስከ ጡቷ በላይ ድረስ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት። ጎረቤቶቿ አይተው «አልማዝ ባለጭራ ነው» አሏት። ቅጠልም ተቀባች፣ ጤና ጣቢያም ሄደች፤ በወሩ ሽፍታው ደርቆ ረገፈ። ነጣ ነጣ ያለ ምልክት ብቻ ቀረ። ሕመሙ ግን አብሮ አልረገፈም።

ደግሞ የሕመሙ ጠባይ የሚያስገርም ነው። ጠንከር አድርገው ቢጫኑት ይችላል። የሚብሰው ላላ ያለ ነገር ሲነካው ነው። የነጠላ ጫፍ፣ በመስኮት የገባ ነፋስ፣ ከጉንጉኗ ያመለጠች አንዲት ፀጉር፣ የዝናብ ፍንጣሪ፤ ይኸ ሁሉ ፍም ሆኖ ያርፍባታል። ቆዳውን ቢያዩት ግን ምንም የለበትም። እሷን ያሳፈራት ይኸ ነው። ቁስል ቢኖር ገልጣ ታሳይ ነበር። ምንም የሌለበትን ትከሻ ገልጦ «አመመኝ» ማለት ልጅ ያስመስላል ብላ ዝም አለች።

እንግዲህ ሰላምታ ደግሞ በትከሻ ነው። የሚተዋወቅ ሰው ሲገናኝ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨ፣ «እንዴት ነሽ፣ ደኅና ነሽ፣ ልጆች ደኅና ናቸው» ሦስት አራት ጊዜ ይባባላል። ለተ ማርያም የምታውቀውን ሰው ከሩቅ ስታይ መንገድ መሻገር ጀመረች። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ትገባና፣ ግራ ጎኗን ለግድግዳ ሰጥታ ትቆማለች፤ ካህኑ «እትዉ በሰላም» ሳይሉ ደግሞ ሹልክ ብላ ትወጣለች። ማኅበሯን «እግሬን ያመኛል» ብላ ተወችው። እግሯን አሟት አያውቅም።

ከዚያም የእናኑ እናት ሞቱ። እናኑ በአጥር የምትገናኛት ጎረቤቷ ናት፤ የሃምሳ ዓመት ሴት፣ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ገበያ የምትሸጥ፣ አገሯ ትክል ድንጋይ፣ አንደበቷ ስል፣ እጇ ግን ለጋስ። ጊዜው ያው የካቻምናው ሰኔ ነው፤ የለቅሶው ድንኳን ላይ ዝናብ ይወርዳል። ለተ ማርያም ስትገባ እናኑ እያለቀሰች ከመሐል ተነሣችና መጥታ የነጠላዋ እርጥብ ጫፍ ቆዳዋን እየዳሰሰ በሙሉ ክብደቷ ግራ ትከሻዋ ላይ ወደቀች። ለተ ማርያም ሳታስበው፣ በሁለት እጇ፣ ገፋቻት። እናኑ ወደ ኋላ ተንገዳግዳ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ተጋጨች። ለቀስተኛው ሁሉ አየ።

በማግስቱ ልትነግራት ሄዳ ነበር፤ ቤቱ ሰው ሞልቶ አገኘችው። እናት ለሞተባት ሴት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ቆዳዬን አሞኝ ነው» ይባላል? ተቀምጣ ተነሥታ መጣች። ለአርባው እነግራታለሁ አለች፤ አልሆነላትም። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ነገሩ እየከበደ ሄደ። እናኑም ውኃ መቅጃው ላይ ሴቶች ተሰብስበው ሳለ፣ እሷ እንድትሰማ አድርጋ፣ «የመሪጌታ ሚስት ለገበሬ ልጅ ትከሻዋን አትሰጥም» አለች። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ግራሩ በቅሎ የሁለቱን ግቢ መተያያ ቀዳዳ ደፈነው፤ የቆረጠውም የለም።

ለሕመሙ የታዘዘላትን ኪኒን ስትውጥ ከረመች። ኪኒኑ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል እንጂ ፍሙን አላጠፋውም። በመጨረሻ ከተማ ሆስፒታል ያለ ሐኪም ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላካት፤ ሰኞና ሐሙስ፣ አሥር ቀን።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሦስት አልጋ፣ በየመሐላቸው አረንጓዴ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ሥዕል። የምታክማት ዝማሬ የምትባል ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነጭ ጋዋኗ ላይ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ የምትሰካ። ሽቦዎች ያሉት ሣጥን አመጣች። የሽቦዎቹ ጫፍ ላይ የዳቦ ቁራሽ የሚያህሉ፣ የሚጣበቁ አራት ልጣፎች አሉ።

«እናቴ፣ አይፍሩ» አለቻት። «ቁስልዎ ድኗል፤ ነርቩ ግን አላመነም። ዛሬም እንደ ቆሰለ ይጮኻል። እኛ በዚህ በኤሌክትሪኩ ሌላ ወሬ እናወራለታለን፤ እሱን ሲያዳምጥ ጩኸቱን ይቀንሳል። ያድነዎታል አልልም። ፋታ ይሰጥዎታል።»

ልጣፎቹን ሕመሙ ላይ አላደረገቻቸውም። በጣቷ ጫን እያደረገች ሕመሙ የሚያበቃበትን ዳር ፈለገችና፣ ሁለቱን ከጀርባዋ ከአከርካሪዋ አጠገብ፣ ሁለቱን ከፊት ጤነኛው ቆዳ ላይ ለጠፈች። ከዚያ ቁልፉን ትንሽ ዞር አደረገች።

«ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል ልጄ።»

«ልጨምር?»

«ኧረ በቃኝ፣ ተባረኪ።»

እንዲህ ሆነና አንደኛው ቀን አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፤ ሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ግማሽ ላይ ቀረ። ዝማሬ ሁልጊዜ ትጠይቃለች፤ ለተ ማርያም ሁልጊዜ «በቃኝ» ትላለች። ዝማሬ ደግሞ ሕመምተኛ በቃኝ ካለ አንድ እንኳ አይጨመርም ተብላ የተማረች ልጅ ናት። ስድስተኛው ቀን ላይ ወረቀቷን እያየች ተከዘች።

«እናቴ፣ አልሠራልዎትም መሰለኝ። አንዳንድ ሰው ላይ አይሠራም። ለሐኪሙ ጽፌልዎ እናቆመው ይሆን?»

ለተ ማርያም «እንዳልሽ ልጄ» ልትል አፏን ስትከፍት ከመጋረጃው ወዲያ ሳል ተሰማ። የሚስለው አያ ላቀው ነው። አያ ላቀው ከትክል ድንጋይ በላይ ካለ ቀበሌ የመጣ ገበሬ ነው፤ ግንድ ወድቆበት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ ተቆርጧል። ገና የመጀመሪያው ቀን ነው ወሬ የጀመረላት፦ «እኔን የሚያመኝ የሌለው እግሬ ነው እቴ። ቆርጠው ቀበሩት፤ አውራ ጣቱ ግን ዛሬም ይበላኛል። ልከክለት ብል በየት በኩል!»

«ልጄ ዝማሬ» አለ አሁን በመጋረጃው ውስጥ።

«አቤት አያ ላቀው።»

«እናትሽ ቤት እንግዳ ገብቶ 'በቃኝ' ቢል ሞሰቡን ታነሺበታለሽ?»

«ኧረ አላነሳም።»

«ታዲያ ይችን ሴት ምነው በራብ ትገያታለሽ? ስድስት ቀን ሙሉ 'ኧረ በቃኝ' ስትል እሰማለሁ። ያገሬን ሰው በቃኝ አውቀዋለሁ እኔ። እስቲ በሞቴ በያት!»

ዝማሬ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ለተ ማርያም ዞረች። «እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ያህል ነው የሚሰማዎት?»

የለተ ማርያም ፊት ጋለ። «ትንሽ… እንደ ዝንብ ክንፍ።»

«ስድስት ቀን ሙሉ እንደ ዝንብ ክንፍ?»

«ሥራ እንዳላበዛብሽ ብዬ ነው። መብራቱም ቢሆን የመንግሥት ነው።»

ከመጋረጃው ወዲያ አያ ላቀው እስኪያስለው ሳቀ። ዝማሬ ቁልፉን ያዘች። «በሞቴ!» አለችና ጨመረች። «በሞቴ!» ደግሞ ጨመረች። መጀመሪያ ጉንዳን የሄደባት መሰላት። ቀጥሎ ጉንዳኑ ቀረና፣ ከሩቅ ደብር የሚሰማ ከበሮ የሚመስል ምት መጣ፤ እየጠነከረ፣ እየተደጋገመ፣ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ። አያምም። ፍሙ ከከበሮው ወዲያ ሆነ፤ አለ፣ ግን ራቀ።

ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ዝማሬ ልጣፎቹን አነሣች፤ ነጠላዋን ተቀብላ በቀስታ ግራ ትከሻዋ ላይ አለበሰቻት። ለተ ማርያም ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ነጠላው ነጠላ ብቻ ሆነ። ክብደቱ የላባ ያህል ነው፤ ረስታው ነበር። እስከ ታክሲው ድረስ በሁለቱም ትከሻዋ ለብሳ ሄደች። ሰላም የሚላት ሰው ቢገጥማት ብላ ግራ ቀኝ አየች፤ ከተማው መሐል የሚያውቃት አልነበረም። በአራተኛው ሰዓት፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ስትቋጭ፣ ፍሙ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንዲያ ሆነ። አራት ሰዓት፣ ቢበዛ አምስት ሰዓት ፋታ። ስምንተኛው ቀን ላይ ዝማሬ ከቁም ሣጥኑ የስልክ መጠን ያላት ትንሽ ማሽን አውጥታ አሳየቻት።

«በባትሪ ነው የምትሠራው። የሚመጣው ሐሙስ እዚህ ያልቅልዎታል፤ ይችን በውሰት ቤትዎ ይወስዷታል፣ በየቀኑ ነው የሚያደርጓት። ሁለት ነበሩን፤ አንዷን አያ ላቀው ወሰዳት።»

«ሚስቴ ናት የምትለጥፍልኝ» አለ ለእርምጃ ልምምድ የሚመላለሰው አያ ላቀው። «የምትቆጣኝ ቀን ብዙ ትጨምርብኛለች!»

«የእርስዎ ደግሞ ጀርባ ነው» አለች ዝማሬ። «በራስዎ እጅ አይደርሱበትም፤ በጣት ስፋት ቢስት እንኳ ሕመሙ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የሚለጥፍልዎት ሰው ሐሙስ መጥቶ ተምሮ መሄድ አለበት። ደንቡ እሱ ነው። ቤት ውስጥ ማን አለዎት?»

«ሰው አለ» አለች ለተ ማርያም።

ፀዳ እስክትደርስ ያን ያለችውን ሰው ስትፈልግ ሄደች። ቅዳሜ ለሄለን ደወለች። ሕፃኑ ከጀርባ ያለቅሳል።

«እማዬ፣ ምነው፣ አመመሽ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«የጎደለብሽ ነገር የለም?»

«ምን ይጎድልብኛል።»

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በሯን ዘጋችና ራሷ ሞከረችው። ከፋርማሲ የገዛችውን የቁስል ፕላስተር በልጣፉ ልክ ቆረጠች። በቀኝ እጇ ከላይ ሞከረች፤ አልደረሰችም። በግራ እጇ ከታች ሞከረች፤ ትከሻዋ ተነቃንቆ ዓይኗ እንባ ሞላ። ቆማ ግድግዳውን ስታይ መቋሚያው ታያት። «ይቅር በለኝ መሪጌታ» አለችና አወረደችው። ፕላስተሩን የሚጣበቀው ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ በዳሩ ብቻ ከመቋሚያው ራስ ላይ አያይዛ፣ መቋሚያውን በትከሻዋ ላይ አሻግራ፣ ጀርባዋን ጫን አደረገች። ፕላስተሩ የሆነ ቦታ ተለጠፈ። የት እንደሆነ ለማየት ጀርባዋን ለትልቁ መስታወት ሰጥታ ትንሿን መስታወት ከፊቷ ያዘች፤ የሚታያት ጀርባ ብቻ ነው፤ ዳሩ የቱ፣ መሐሉ የቱ፣ አይለይም። አራቴ ሞክራ አራቱም ተሳሳተ። ሦስቱ ላልተው ወደቁ፤ አራተኛው በትክክል ፍሙ ላይ አረፈ። ከዚያ ለማንሣትም መቋሚያው ነው፤ ፕላስተር ደግሞ በመቋሚያ አይነሣም። በሕመሙ ላይ ተለጥፎ እስከ ማግስቱ ቆየ፣ ዝማሬ አይታ «ይኸ ምንድን ነው እናቴ?» እስክትላት ድረስ።

«ዝንብ ነክሶኝ» አለች።

ያ ሰኞ ዘጠነኛው ቀን ነበር። ለተ ማርያም ስትታከም ሐሳቧን ቆርጣ ነበር፦ ትከሻዋ እንደ ሰው ትከሻ ሆኖ ሳለ፣ ፋታዋ ሳያልቅ፣ እናኑ ቤት ትገባለች። መጀመሪያ እንደ ደንቡ ትሳማታለች፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ይቀላል።

ከሆስፒታሉ በአራት ሰዓት ተኩል ወጣች። ታክሲ የለም፤ ነዳጅ ጠፍቷል። አንድ ሰዓት ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻ ያገኘቻት ማኪና ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ አዘዞ ስትደርስ የነዳጅ ሰልፍ ውስጥ ገባች። «አንዳፍታ ነው» አለ ሹፌሩ። ከፊት ሠላሳ ማኪና ይታያል። አንዳንዱ ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ሄደ፤ እሷ ያን ያህል መንገድ በነፋስ መሄድ ፈራች። መስኮቱን ዘግታ ጸሐይዋን እያየች ተቀመጠች። ስምንት ሰዓት አካባቢ ከብብቷ ሥር አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረጋት። ነጠላዋን ከግራ ትከሻዋ አወረደች።

ፀዳ ስትደርስ የእናኑ በር ላይ ቆማ አመነታች። ሐሙስ ተመልሳ ብትመጣ ይሻላል፤ ግን ማሽኗን የምትቀበልበት ቀን ራሱ ሐሙስ ነው። ገባች።

እናኑ ግቢው መሐል ማዳበሪያ ላይ በርበሬ አስጥታ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የነቀዘውን እየለቀመች ነው። ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አጎነበሰች።

«ደኅና ዋልሽ እናኑ።»

«እግዜር ይመስገን። ምነው፣ በር ተሳሳትሽ?»

«አልተሳሳትሁም።»

«በርበሬ ያስነጥስሻል። የመሪጌታ ቤት በርበሬ አይለምድም።»

ለተ ማርያም ቆማ ቀረች። እናኑ ለጥቂት ጊዜ ለቀመችና፣ እንግዳ ቆሞ ማየት ስለማትችል፣ ሌላ በርጩማ በእግሯ ገፋ አደረገችላት። ልማድ ነውና ጠላም አቀረበች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

«ልቅዳልሽ?»

«ኧረ በቃኝ…» ብላ ጀመረችና ለተ ማርያም የአያ ላቀው ሳል በጆሮዋ መጣባት። «ቅጅልኝ» አለች። «ጠምቶኛል።»

እናኑ ቅንድቧን አነሣች። ቀዳችላት። ጠጣችው።

«ልድገምሽ?»

«ድገሚኝ።»

ሁለተኛውን ዋንጫ ይዛ ቁጭ አለች። «እናኑ፣ ያን ቀን ገፍቸሽ ነበር።»

«የረሳሁት መስሎሽ ነው?»

«አሞኝ ነው። አልማዝ ባለጭራው ከወጣብኝ ወዲህ ይኸ ትከሻዬ ልብስ አይችልም። ሰው አይችልም።» የቀሚሷን አንገት ወደ ታች ጎተት አድርጋ አሳየቻት።

እናኑ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣች፤ አየች፤ ዞራ አየች። «ምንም የለበትም እኮ።»

«እሱ ነው ክፋቱ።»

እጇ በርበሬ ስለሆነ እናኑ አልነካቻትም። ለማመን እያመነታች የራሷን ነጠላ ጫፍ አነሣችና፣ አቧራ እንደምታራግፍ፣ የለተ ማርያምን ትከሻ እፍ እንደማለት ዳሰስ አደረገችው። ለተ ማርያም ጮኻ ዘለለች። ሁለት እጇ ያን ቀን እንዳደረገው ወደ ፊት ተወረወረ፤ ዋንጫው በረረ፤ ጠላው በርበሬው ላይ ፈሰሰ።

«ወይኔ በርበሬዬ!» አለች እናኑ። ከዚያ የለተ ማርያምን እጆች አየች፤ ሁለቱም እንደተዘረጉ ናቸው።

«ያን ቀን እንዲህ ነው የገፋሽኝ?»

«እንዲህ ነው።»

«እና ምላስሽንም አብሮ ነው የያዘሽ? አሥራ ሰባት ወር!»

ለተ ማርያም የወደቀውን ዋንጫ አነሣች። እናኑ ተቀምጣ የረጠበውን በርበሬ ከደረቁ መለየት ጀመረች፤ እጇ ተቆጥቷል፤ በርበሬውን ይወረውረዋል። ለተ ማርያም ስለ ማሽኗ ነገረቻት፤ ስለ ዳሩ፣ ስለ ጣት ስፋት፣ ስለ ደንቡ።

«እና ሐሙስ ማንን ልትወስጅ ነው?»

«ሰው የለኝም።»

ይኸን ቃል በአፏ አውጥታው አታውቅም። ስታወጣው አጭር ነው። እናኑ መልቀሟን አላቆመችም።

«ሐሙስ ገበያ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ይኸ የረጠበው ካልተሸጠ ይሻግታል።»

«አውቃለሁ እናኑ። ደኅና ዋይ።»

ሐሙስ ጧት ለተ ማርያም መንገድ ዳር ቆማ ሁለት ማኪና አሳለፈች። የእናኑ በር ተዘግቷል፤ ማዳበሪያዎቹም የሉም። በሦስተኛው ተሳፈረች። አጠገቧ ያለው ወንበር እስከ አዘዞ ባዶ ነበር።

ዝማሬ ትንሿን ማሽን ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅታለች፤ አዲስ ባትሪ ገብቶላታል። «ሰውዎስ?» አለች።

«ትመጣ…» ብላ ጀመረችና ለተ ማርያም አቋረጠች። «የለኝም ልጄ። ሰው አለ ያልሁሽ አፍሬ ነው። ፕላስተሩም ዝንብ ነክሶኝ አይደለም፤ እኔው ነኝ በመቋሚያ የለጠፍሁት።»

ዝማሬ ማሽኗን አየች፣ ለተ ማርያምን አየች። «ያለ ሰው ልሰጥዎ አልችልም እናቴ። ይጎዳዎታል» አለች ቀስ ብላ። ማሽኗን ሣጥኗ ውስጥ መልሳ ክዳኗን ገጠመችው። ከዚያ የመጨረሻውን ሕክምና ጀመረችላት። ለተ ማርያም ግድግዳው ላይ ያለውን የተገፈፈ ሰው እያየች ከበሮውን አዳመጠች። አራት ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በኋላ የለም።

ግማሽ ላይ በሩ ተከፈተ። ከሰው በፊት ሽታ ገባ። አያ ላቀው ሁለቴ አነጠሰ።

«ማን ነው በርበሬ ይዞ የገባ!»

«እኔ ነኝ» አለ ድምፅ። «የለተ ማርያም ሰው ነኝ። ምነው፣ በርበሬ አትበላም እንዴ አያ?»

እናኑ ናት። ጭንቅላቷ ላይ ሻሽ አስራ፣ ባዶ ማዳበሪያ በብብቷ ይዛ፣ ላብ በላብ ሆና። «ግማሹን ጣልሁት ለነጋዴ» አለች፤ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «ሰልፉ ደግሞ! በእግሬ ነው ከአዘዞ የመጣሁ። እንዴት ነው የሚለጠፈው?»

ዝማሬ እጇን እንድትታጠብ ላከቻት። ታጥባ መጣች፤ ዝማሬ አሽትታ መልሳ ላከቻት። ሦስተኛው ላይ ተፈቀደላት። ዝማሬ ጣቷን ይዛ ዳሩን አሳየቻት፤ እናኑ እንደ በርበሬ ፍሬ ስትለይ ዓይኗን አጥብባ፣ ጫን ጫን እያደረገች፣ ፈልጋ አገኘችው። ለጠፈችው። ቁልፉን ያዘች።

«ልጨምር?»

«ጨምሪ።»

«አሁንስ?»

«ጨምሪ።»

«ጠገበች?» አለ አያ ላቀው ከወዲያ።

«አልጠገብሁም!» አለች ለተ ማርያም፤ በሕይወቷ እንዲህ ጮክ ብላ ለባዕድ ወንድ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

ትንሿን ማሽን ይዘው ሲመለሱ ብዙም አልተነጋገሩም። እናኑ ስለ ነጋዴው አማረረች። አልተሳሳሙም፤ ይቅርታ ተባብለውም አያውቁም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ሰዓት ሲሆን እናኑ ሰላምታ ሳትሰጥ ትገባለች፤ ለተ ማርያም ደጃፉ ላይ ያስቀመጠችውን ውኃና ሳሙና አንሥታ እጇን ሦስቴ ትታጠባለች፤ ሁለቱን ከኋላ፣ ሁለቱን ከፊት ትለጥፋለች፤ እያንዳንዱን በአውራ ጣቷ ለረጅም ጊዜ ጫን አድርጋ ትይዛለች፤ «ጨምሪ» እስክትባል ትጠብቃለች፤ ወደ በርበሬዋ ትመለሳለች። ከዚያ ለተ ማርያም ግማሽ ሰዓት ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ሲያበቃ ልጣፎቹን በሽቦው ስባ ታነሣለች። አንዳንድ ቀን ፋታው አራት ሰዓት ነው፤ አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት አይሞላም። ሕመሙ አልለቀቃትም። የሰው ነገርም ያው ነው፤ የሚነካት በቀን አንድ ጊዜ፣ የእናኑ ሁለት አውራ ጣት ብቻ ነው።

በታኅሣሥ እናኑ ለወንድሟ ውቂያ ስምንት ቀን ትክል ድንጋይ ልትሄድ ሆነ። ከመሄዷ በፊት እስክሪብቶ ይዛ መጣችና፣ የለተ ማርያም ጀርባ ላይ በሁለቱ ልጣፎች ዙሪያ ክብ ክብ ሠራች። «ስመለስ እንደ አዲስ እንዳልፈልገው ነው» አለች።

እናኑ በሄደች በማግስቱ አሥር ሰዓት ሲሆን ለተ ማርያም በሩን አየች። ከዚያ ትንሿን መስታወት አነሣች። ክቦቹ ሰማያዊ ሆነው ጉልህ ይታያሉ። መቋሚያውን አወረደች፤ ልጣፉን እንደዚያው በዳሩ ራሱ ላይ አያያዘች፤ ክቡን በመስታወት እያየች ቀስ ብላ ጫነችው። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ በትክክል ተቀመጠ። ሁለተኛውም። ቁልፉን በራሷ እጅ አዞረች፤ ከበሮው መጣ። ስምንቱንም ቀን እንዲህ አደረገች፤ ክቡ ሲደበዝዝ በመቋሚያው ጫፍ ላይ እስክሪብቶ አስራ አደሰችው። እንግዲህ ማንንም አትፈልግም ማለት ነው። ያን ባወቀች ቀን ደስ ይላታል ብላ ጠብቃ ነበር። ነጠላዋን በሁለቱም ትከሻዋ ለብሳ፣ የሚለጥፈው ጣት የሌለበትን ጀርባዋን ወደ ግድግዳው ሰጥታ፣ እስኪጨልም ቆየች።

በዘጠነኛው ቀን አሥር ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ለተ ማርያም ክቦቹን በርጥብ ጨርቅ የቻለችውን ያህል አሽታ፣ መቋሚያውን ምስማሩ ላይ ሰቅላ ከፈተች። እናኑ ጭድ ፀጉሯ ላይ እንደተሰካ ገባች።

«እንዴት ሰነበትሽ? ማን ለጠፈልሽ?»

«ማን ይለጥፍልኛል። እንዲሁ ሰነበትሁ።»

እናኑ የመሪጌታውን መቋሚያ ቀና ብላ አየች። ራሱ ላይ፣ ከልጣፉ የቀረ ሙጫ፣ ጥፍር የምታህል፣ ጸሐይ ሲያርፍባት ታብረቀርቃለች። ከጫፉም ክር ተንጠልጥሏል፤ እስክሪብቶ የታሰረበት ክር ነው። እናኑ ክሩን በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ ወጣችና ደጃፉ ላይ ያለውን ውኃ አነሣች። ለተ ማርያም ከውስጥ ሆና ውኃው ሲፈስ ሰማች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ።

«ዙሪ» አለች እናኑ ተመልሳ።

ዞረች። አውራ ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር፤ ዳሩን ፈልጎ አገኘውና ተጫነው፤ ረጅም ጊዜ አልተነሣም።

«ልጨምር?»

«ጨምሪ» አለች ለተ ማርያም።